የሁለተኛው ጠርሙስ ጥገኛ

«ጥገኛ ያለበትን ነገር አይቼ እንዳላየሁ አላልፍም!» አለች የእህታቸው ልጅ በስልክ። ዳኛው የጥርስ ብሩሻቸውን አፋቸው ውስጥ እንደሰኩ ክው ብለው ቀሩ። ጆሮ የሚጥሉ ሰው ሆነው አይደለም፤ የዚያ ቤት መታጠቢያ ቤትና ወጥ ቤት የሚለያቸው ግድግዳ ስስ ስለሆነ ወዲያ ማንኪያ ሲወድቅ ወዲህ የሾርባ ይሁን የሻይ ይታወቃል። «አንድም ቢሆን አንድ ነው» ብላ ቀጠለች፤ «ትንሽ ነው ምን ይጎዳል የሚባል ነገር የለም። አንዴ ከገባ በዋዛ የሚወጣ መሰለህ? ምንም ሳይሠራ ለወራት ቁጭ ብሎ መኖር ይችላል እኮ! ክሎሪን? ክሎሪን ምን ያደርገዋል! ወፍራም ካፖርት ለብሶ የተቀመጠ ነው ብለህ አስበው፤ ምን ብታፈስበት አይሰማውም። በቃ፣ ዛሬ ሄጄ ቦታውን በዓይኔ አይና እስከ ማታ እወስናለሁ። ይለይለት።» ዳኛው ቀና ብለው መስታወቱን አዩ። መስታወቱ ውስጥ አፉን የጥርስ ሳሙና አረፋ የሞላው አንድ ሽማግሌ ወፍራም ካፖርት ለብሶ ቆሟል።

ዳኛው ዳኛ የተባሉት ፍርድ ቤት ተቀምጠው አይደለም። የእግር ኳስ ዳኛ ነበሩ፤ ያውም ስታዲየም ውስጥ ሳይሆን የፋብሪካና የመሥሪያ ቤት ቡድኖች ቅዳሜ ቅዳሜ የሚራገጡበት አቧራ ሜዳ ላይ። ጉልበታቸው ሲከዳቸው «ለአንድ ሳምንት» ብለው እህታቸው ልጅ ቤት መጡ፤ ያ ሳምንት ግን እስከ ዛሬ አላለቀም። ሳሎን ያለው ሶፋ ማታ ተዘርግቶ አልጋቸው ይሆናል፣ ጧት ታጥፎ የእንግዳ መቀመጫ ይሆናል። ካፖርቱን በጋም ሆነ ክረምት አያወልቁትም። ፊሽካቸው በቀኝ ኪሱ፣ ካርዶቻቸው በደረት ኪሱ ናቸው፤ ማን ያውቃል፣ አንድ ቀን ዳኛ ጎደለ ተብለው ሊጠሩ ይችላሉ። እራት ላይ የሚወራው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የሳሙና ፋብሪካውና የፖስታ ቤቱ ቡድን ሲጋጠሙ በመጨረሻው ደቂቃ ስለሰጡት ፍፁም ቅጣት ምት። የእህታቸው ልጅ ታሪኩን ከእሳቸው በላይ ታውቀዋለች፤ ዳኛው ሲረሱ ታስታውሳቸዋለች።

አሁን ነገሩን እንወቀው፤ ኋላ እንዳንደናገር። ሴትዮዋ ስለ ሰው አልነበረም የምታወራው። የምትሠራው በውሃ ጥራት መሥሪያ ቤት ሲሆን ሥራዋ ላብራቶሪዎችን መገምገም ነው። የምንጭ፣ የጉድጓድና የወንዝ ውሃ ለመጠጥ ከመሰራጨቱ በፊት ጥገኛ ተውሳክ እንዳለበትና እንደሌለበት መርምሮ የሚናገር ላብራቶሪ ያስፈልጋል፤ የትኛው ላብራቶሪ ይህን እንዲሠራ ይፈቀድለት፣ የትኛው ይቅር የምትለው እሷ ናት። እነሱ መሥሪያ ቤት ውስጥ «ተውሳክ» የሚለውን ማንም አይጨምርም፤ ጥገኛ ካሉ ጥገኛ ነው። ካፖርት ያለችው ደግሞ ተውሳኩ ራሱን የሚሸፍንበትን ወፍራም ቅርፊት ነበር፤ ለአዲሱ ባልደረባዋ እንዲገባው ብላ። ዳኛው ይህን ሁሉ ከየት ይወቁት? አንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ አንድ ቀን እንኳ «ለመሆኑ ሥራሽ ምንድን ነው?» ብለዋት አያውቁም። ሰው ሲጠይቃቸው «ውሃ ነገር ላይ ናት» ይላሉ፤ ከዚያ ወደ ፍፁም ቅጣት ምቱ ይመለሳሉ።

ቁርስ ላይ ልጅቱ ዳቦዋን ቆማ ጎርሳ፣ ጉንጫቸውን ስማ «ጋሼ፣ ዛሬ ከባድ ቀን ነው፤ ጸልይልኝ» ብላ በረረች። ጸልይልኝ! ሊያስወጡት የተነሡትን ሰው ጸልይልኝ ማለት ምን የሚሉት ጭካኔ ነው? ዳኛው ከባሏ ጋር ፊት ለፊት ቀሩ። ባልየው በሰፈሩ ትምህርት ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ዝምታው ግን ሌላ ነው። ምሳውን ቤቱ እየመጣ ነው የሚበላው፤ እሱና ዳኛው በየቀኑ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሩዛቸውን በልተው፣ ውሃቸውን ጠጥተው፣ ከ«ጨው ያቀብሉኝ» ሌላ ቃል ሳይለዋወጡ ይለያያሉ። ልጅቱ «አንተ» ነው የምትላቸው፤ ሥጋ ናት። ባሏ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ነው፤ «ይብሉ፣ ይጠጡ፣ ይረፉ»፤ ዳኛው ይህችን «እርስዎ» በሰሙ ቁጥር ሆቴል ያደሩ ይመስላቸዋል። ያን ቀን ጧት ደግሞ፣ ለወትሮው የማይናገር ሰው፣ ካፖርቱን ትክ ብሎ አይቶ «ጋሼ፣ ዛሬ ይሞቃል። ካፖርቱን ባይለብሱት?» አላቸው። ይኼው! ተማክረውበታል ማለት ነው።

ባልየው ከወጣ በኋላ ዳኛው ሶፋውን አጠፉ። ቀይ ካርድ እስኪያዩ የሚጠብቁ ሰው አይደሉም፤ በገዛ እግራቸው ከሜዳ ይወጣሉ። ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ሱሪ፣ መላጫቸውንና የድሮ የሜዳ ጫማቸውን የእጅ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። የቤቱን ቁልፍ ከቀለበቱ አውጥተው ባልየው ምሳ የሚበላበት ቦታ ላይ፣ ልክ ሳህኑ በሚያርፍበት፣ አስቀመጡት። ሆድ ባሳቸውና ትንሽ ቆሙ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት፣ አንድ እግሩ የሚነቃነቀው ወንበር፣ እሳቸው ራሳቸው በክር የጠገኑት መጋረጃ፣ ሁሉም የሚያያቸው መሰላቸው። «ደህና ሁኑ» አሉ ለወንበሮቹ። ከዚያ ግን አንድ ነገር ከነከናቸው፤ በዚያ ሁሉ የዳኝነት ዘመናቸው የአምበሉን እጅ ሳይጨብጡ ከሜዳ ወጥተው አያውቁም። የእህታቸውን ልጅ ፊት ለፊት አይተው፣ እጇን ጨብጠው፣ «ተግባብተናል» ብለው ነው መሄድ ያለባቸው።

መጀመሪያ ግን ወዳጃቸው ጋ ጎራ አሉ። ወዳጃቸው የድሮ የመስመር ዳኛቸው ነው፤ አሁን ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ቁልፍ ይቀርጻል። ነገሩን ሲነግሩት የሚሞርደውን ቁልፍ አስቀመጠ። «ጥገኛ አለችህ? በአፏ?» «በአፏ። ያውም በስልክ፣ ለሰው።» ወዳጃቸው ራሱን ነቀነቀና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ ቤት ና አልልህ ነገር፣ እኔም ልጄ ቤት በረንዳ ላይ ነኝ» አለ። ከዚያ ሰው ሲያዝን ደስ የማይለው ነገር መጨመሩ ልማዱ ነውና ቀጠለ። «ብቻ ተጠንቀቅ። እኛ ጎረቤት የነበረውን የባቡር ሹፌር ታውቀው የለ? ልጆቹ ቦታውን ቀድመው አይተው፣ ተስማምተው፣ ‹ና ዘወር ዘወር እንበል› ብለው በመኪና ወስደው የአረጋውያን መጦሪያ አስገቡት። ነጭ ሕንፃ፣ ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ ጋዋን። አሁን ቢጠይቁት ስሙን አያውቅም።» ዳኛው ጧት የሰሙት ቃል ጆሯቸው ላይ አቃጨለ። ቦታውን በዓይኔ አይና እስከ ማታ እወስናለሁ። ቦርሳቸውን አንሥተው ወደ መሥሪያ ቤቷ አቀኑ።

መሥሪያ ቤቷ ሲደርሱ የእህታቸው ልጅ የለችም። በር ላይ አንድ ሾፌር የመሥሪያ ቤቱን መኪና መስተዋት እየወለወለ ነበር፤ አጎቷ መሆናቸውን ሲሰማ ከወገቡ ዝቅ ብሎ ሰላም አላቸው። «እሷማ ጧት በሌላ መኪና ምንጩ ጋ ውሃ ልትቀዳ ሄዳለች። ከዚያ በቀጥታ ወደ ነጩ ሕንፃ ትመጣለች፤ እኔም ይህን የበረዶ ሳጥን ለእሷ ይዤ ወደዚያው ነኝ። ይምጡ፣ አብረን እንሂድ።» ዳኛው «ነጩ ሕንፃ» ሲባል የመኪናውን በር ያዙ። «ምን ልታደርግ ነው እዚያ የምትሄደው?» አሉ ቀስ ብለው። «የጥገኛውን ነገር ዛሬ ልትጨርሰው ነዋ!» አለ ሾፌሩ ሳቅ ብሎ፤ «ስንት ቀን ስትብሰለሰልበት ከረመች እኮ። ሰዎቹ አስተማማኝ ከሆኑ ዛሬውኑ ትፈርምላቸዋለች።» ወይ ጉድ! ሾፌሩ ሳይቀር ያውቃል። ዳኛው መኪናው ውስጥ ገብተው ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። መንገዱን ሁሉ ሾፌሩ ስለ ጎማ መወደድና ስለ መንገድ መዘጋጋት ሲያወራ እሳቸው የሚሉትን እየተለማመዱ ነበር፤ «ልጄ ሆይ፣ አትቸገሪ፤ ጨዋታው ሲያበቃ የማውቅ ሰው ነኝ።»

ነጩ ሕንፃ በእርግጥም ነጭ ነበር። ደረጃው ነጭ፣ መጋረጃው ነጭ፣ በመስኮት የሚታዩት ሰዎች ጋዋን ነጭ። ሾፌሩ መኪናውን የሚያቆምበት አጥቶ «ጋሼ፣ እስኪ ይህቺን ሳጥን ይዘው ይግቡልኝ፤ መጣሁ» አለና ማኅተም ያለባትን የበረዶ ሳጥን አስታቀፋቸው። እንግዲህ የላብራቶሪው ኃላፊ በመስኮት ያየው ይህን ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ መኪና በሩ ላይ ቆመ፣ ከውስጡ ካፖርት የለበሱ፣ ፊታቸው የተኮሳተረ፣ በአንድ እጃቸው ቦርሳ በሌላው የታሸገ ሳጥን የያዙ ሽማግሌ ወረዱ። የገምጋሚዋ አለቃ አንዳንዴ ሳይናገር ከች ይላል የሚል ወሬ ሰምቷልና ሌላ ማሰብ አላስፈለገውም። ጫማው ፊት የሚያሳይ፣ ገና በጎልማሳነቱ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ነው፤ ደረጃውን ሦስት ሦስት እያለ ወርዶ ሳጥኑን ከእጃቸው ተቀበለ።

«ጌታዬ፣ እንኳን ደህና መጡ! እርስዎ ራስዎ ይመጣሉ ብለን አልጠበቅንም ነበር!»

«የሚመለከተው እኔን ራሴን ነው፤ ሌላ ማን ይምጣ?» አሉ ዳኛው በሐዘን።

ኃላፊው ይህን ሲሰማ ላብ ላብ አለው። ገምጋሚዋ እስክትደርስ ጊዜ እንዳይባክን ብሎ ቤቱን ያስጎበኛቸው ጀመር። ክፍሎቹ ንጹሕና ቀዝቃዛ ናቸው፤ አልጋ የሚባል ነገር ግን ዳኛው አላዩም። «እዚህ የሚመጣ ጥገኛ መጀመሪያ ብርድ ውስጥ ነው የሚቀመጠው» አለ ኃላፊው አንድ ትልቅ ማቀዝቀዣ ከፍቶ እያሳየ። ዳኛው ካፖርታቸውን ሰበሰቡ። «ከዚያ እናጣራቸዋለን። ካጣራናቸው በኋላ በዚህ ማሽን እናሽከረክራቸዋለን።»

«ታሽከረክሯቸዋላችሁ?»

«በኃይል። እታች እስኪዘቅጡ ድረስ።»

«በዚህ ዕድሜ?» አሉ ዳኛው።

«ኧረ አዲስ ነው ጌታዬ! ማሽኑ ከመጣ ገና ሁለት ወሩ ነው፤ ካርቶኑ እንኳ አልተጣለም። ከዚያ ቀለም እንቀባቸውና ጨለማ ክፍል እናስገባቸዋለን። አረንጓዴ ሆነው ያበራሉ፤ ለመቁጠር ይመቻል።»

ዳኛው ግድግዳውን ተደገፉ። የባቡር ሹፌሩ ስሙን ቢረሳ ምን ይገርማል! «ለመሆኑ» አሉ እንደምንም፣ «በሕይወት ይቆያሉ?»

«የሚላኩልን አብዛኞቹ ሞተው ነው የሚመጡት፤ ለሠራተኛው ደኅንነት ሲባል።»

«ዘመድስ አይጠይቃቸውም?»

ኃላፊው አለቃ ሲቀልድ የሚሳቀውን ሳቅ ሳቀ፤ ሳቁም ቶሎ ደረቀበት። ልቡ ሌላ ቦታ ነበርና። ባለፈው ሳምንት የእህታቸው ልጅ ሦስት የታሸጉ ጠርሙሶች ልካለት ነበር፤ የፈተና ውሃ ናቸው። መሥሪያ ቤቱ ጥገኛውን ቆጥሮ ይጨምርባቸዋል፤ በየትኛው ጠርሙስ ስንት እንደተጨመረ የምታውቀው እሷና አለቃዋ ብቻ ናቸው። ላብራቶሪው አጣርቶ፣ በማይክሮስኮፕ አይቶ፣ ቆጥሮ ይነግራታል፤ ከተቀራረበ ፈቃድ፣ ካልተቀራረበ ደህና ሁኑ። የመጀመሪያውና ሦስተኛው ጥሩ ሄደው ነበር። ሁለተኛው ግን እንቅልፍ ነሥቶታል፤ ማይክሮስኮፕ ላይ የምትቀመጠው ሠራተኛ ደጋግማ አይታ «ምንም የለበትም» አለችው። እሱ ደግሞ ይህን ሊቀበል አልቻለም። አሁን አለቃው እጁ ላይ ገብቷል፤ ግራ ቀኙን አይቶ፣ የማቀዝቀዣውን በር ከለላ አድርጎ ጠጋ አላቸው።

«ጌታዬ፣ በእኔና በእርስዎ መካከል ይቅርና፣ ያ ነገር አስጨንቆኛል። ምንም የለም ይሉኛል። የለም ብሎ ነገር መቼም አይኖርም፤ መሥሪያ ቤታችሁ ባዶ ውሃ በመኪና ጭኖ አይልክም። ጥገኛው ስንት ነው? አፍዎን እንኳ አይክፈቱ፤ በጣትዎ ብቻ።»

ዳኛው ከዚህ ሁሉ የሰሙት «ጥገኛው ስንት ነው» የምትለዋን ብቻ ነበር። አሰቡ። ልጅቱ ትሠራለች። ባሏ ይሠራል። ምግብ የሚበስለው በእነሱ፣ መብራት የሚበራው በእነሱ ነው። ቢቆጠር ቢቆጠር ያው ነው። ሜዳ ላይ ቆመው ይዋሹ እንዳልነበረ ሁሉ አሁንም አይዋሹም። አንድ ጣታቸውን አወጡ። «አንድ» አሉ፤ «አንድ ብቻ ነው ልጄ። ሌላ የለም።» ኃላፊው ጣታቸውን በሁለት እጁ ይዞ ሊስመው ምንም አልቀረውም። ወዲያው ሄዶ ሁለተኛው ጠርሙስ ትይዩ የተጻፈችውን ዜሮ ሰርዞ አንድ አደረጋት።

የእህታቸው ልጅ ጫማዋ ጭቃ እንደነካው የምንጩን ውሃ ይዛ ስትደርስ ዳኛው የስብሰባው ክፍል ጥግ ላይ፣ ከአንድ ትልቅ የአበባ ማሰሮ ጀርባ ተቀምጠው ቁርጣቸውን ይጠብቁ ነበር። እሷ ጥግ ጥጉን የምታይበት ጊዜ አልነበራትም። ተቀመጠች፣ ውጤቱን ጠየቀች። የመጀመሪያው ጠርሙስ ልክ ነው። ሦስተኛው ልክ ነው። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ቀና አለች። «እዚህ አንድ አገኘን ነው የምትሉት?» «አንድ!» አለ ኃላፊው ደረቱን ነፍቶ፤ «ተደብቃ ነበር። ግን ከእኛ ዓይን የት ታመልጣለች!» ማይክሮስኮፕ ላይ የምትሠራዋ ሴት አቀርቅራ ጥፍሯን ታያለች። የእህታቸው ልጅ ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አጋደመች።

«ሁለተኛው ጠርሙስ ባዶ ነበር» አለች። «ንጹሕ ውሃ ነው። ሆን ብለን ነው ምንም ያልጨመርንበት፤ የሌለውን አየን የሚል ማን እንደሆነ ለማወቅ።»

ጉድ ፈላ! ኃላፊው ቀላ፣ ከዚያ ገረጣ፣ ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ ሆነ። «እንዴት ይሆናል! አለቃሽ ራሳቸው አይደሉ እንዴ አንድ ያሉኝ!» ብሎ ጮኸ። «የምን አለቃ? አለቃዬማ ጉንፋን ይዞት ቤቱ ተኝቷል!» «እኚህ እዚህ ያሉት!» ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሣ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተናገረ፤ በሩ ላይ የደረሰው ሾፌር ሳይቀር ያላየውን ይመሰክር ጀመር። ያን ጊዜ ከአበባው ጀርባ የፊሽካ ድምፅ ተሰማ። ረጅም፣ ቀጭን፣ የጨዋታ ማብቂያ ፊሽካ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ዳኛው ፊሽካቸውን ኪሳቸው መልሰው ተነሡ።

«ጋሼ!» አለች የእህታቸው ልጅ፣ አፏ እንደተከፈተ።

«እኔ ነኝ ያልኩት» አሉ ዳኛው። «ሰውየውን አትጩሂበት። ጥገኛው ስንት ነው ሲለኝ አንድ ነው አልኩት። አልዋሸሁም። ቤታችን ውስጥ አንድ ጥገኛ ነው ያለው፤ እሱም እኔ ነኝ። ብቻ አንድ ነገር ለምኝልኝ፤ ማስገባታችሁ ካልቀረ ያንን ማሽከርከሩን ይተዉልኝ።»

መጀመሪያ ያመለጣት የማይክሮስኮፕዋ ሴት ናት፤ ሳቋን በጋዋኗ ልትይዘው ብትሞክር በአፍንጫዋ ወጣ። ከዚያ ሾፌሩ። የእህታቸው ልጅ ግን እጇን አፏ ላይ ጭና ቆየች፤ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አልታወቀም። ወደ ኃላፊው ስትዞር ፊቷ ሌላ ሆኖ ነበር። «ሠራተኛዎ ምንም የለም ብላ ነበር፣ አይደል?» አለችው። እሱ መነጽሩን መወልወል ጀመረ። «ዛሬ የሌለውን አየን ካላችሁኝ ነገ ያለውን አላየንም ብትሉኝ በምን አውቃለሁ? የምትመረምሩትን ውሃ ሕፃናት ይጠጡታል። ዛሬ ፈቃድ አልሰጥም። ሌላ ጠርሙስ እልካለሁ፤ ያኔ ሴትዮዋ ያየችውን ንገሩኝ።» ከዚያ የዳኛውን ቦርሳ ብድግ አድርጋ በሌላ እጇ ክንዳቸውን ይዛ ወጣች።

መኪናው ውስጥ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳቻቸው፤ ተውሳኩን፣ ጠርሙሱን፣ ካፖርቱን። በተለይ ካፖርቱ ላይ ስትደርስ ሾፌሩ መኪናውን ዳር ይዞ አቆመ፤ በሳቅ መሪው አልታይ ብሎት። ዳኛውም ሳቁ። ያን ሁሉ ብርድ፣ ያን ሁሉ ጨለማ ክፍል፣ ያን ሁሉ አረንጓዴ ቀለም ተሸክመው ቆይተው ሲያራግፉት ጊዜ እንደ ሕፃን ተንከተከቱ። «ግን ጋሼ» አለች ዓይኗን እየጠረገች፣ «እስከ ዛሬ ምን የምሠራ ይመስልህ ነበር?»

«ውሃ ነገር።»

«ውሃ ነገር ምን?»

ዳኛው አሰቡ፣ አሰቡና «ቢል የምታድይ» አሉ።

ሳቋ ቆመ። «ቢል» አለች። ወደ መስኮቱ ዞረች። «ያንን ፍፁም ቅጣት ምት ስንቴ ሰማሁት? ማን እንደጠለፈ፣ ማን እንደተጠለፈ፣ ኳሷ የት እንደነበረች በሕልሜ ሳይቀር አውቀዋለሁ። አንተ አንድ ቀን እንኳ እንዴት ዋልሽ ብለኸኝ መልሱን ጠብቀህ ታውቃለህ?» አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻላቸው ነበር። ዳኛው አፈሩ። ጧት ጥገኛ ተባልኩ ብለው የተሰማቸው ሕመም ይህን ያህል አልነበረም፤ ያኛው ጆሯቸው ላይ ነበር፣ ይህኛው እውነት ነው። በመስኮት የሱቅ ማስታወቂያና የቆሙ አውቶቡሶች ያልፋሉ። «እንግዲያማ እውነትም ጥገኛ ነኝ» አሉ በመጨረሻ።

«ጥገኛማ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚኖረው» አለች ሳትዞር። «አንተ ታንኮራፋለህ።»

ሾፌሩ እንደገና ተንፈቀፈቀ። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ለወትሮው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ የሚመጣው የሳሙና ፋብሪካው ቡድን ነበር። «ሦስተኛው ጠርሙስ ውስጥስ» አሉ፣ «ስንት ነበር የጨመራችሁበት?» እሷ ቀስ ብላ ዞራ አየቻቸው። እየቀለዱ እንዳልሆነ ስታውቅ ጀመረችው። ስለ ጠርሙሱ፣ ስለ ማጣሪያው፣ አንዲት ጥገኛ ከብናኝ በምን እንደምትለይ፣ ስለ ምንጩ፣ እዚያ ውሃ ሊቀዱ ስለሚሰለፉት እናቶች፣ ስለ አለቃዋ፣ ስለ አለቃዋ ጉንፋን። ዳኛው «እና ከዚያስ?» ከማለት ሌላ ምንም አላሉም፤ ሰፈር እስኪደርሱም አልጨረሰችም።

ባልየው በር ላይ ቆሞ ነበር። የቤት ጫማ አድርጎ፣ ሸሚዙ በአንድ በኩል ከሱሪው ወጥቶ፣ እጁ ውስጥ ቁልፍ ይዞ። ጎረቤቶች በየበራቸው ወጥተው ያዩታል፤ ለካ ከምሳ ጀምሮ በየቤቱ እየዞረ «ጋሼን አይታችኋል?» ሲል ነው የዋለው፤ ብዙዎቹ ድምፁን የሰሙት ያን ቀን ነው። መጀመሪያ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ምን ብለሻቸው ነው?» አላት። እሷ መልስ እስክትሰጥ አልጠበቀም፤ ወደ ዳኛው ሄዶ ቁልፉን ፊታቸው ላይ አወዛወዘው።

«ሰው ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ይሄዳል? ሁለት ሳህን አቅርቤ፣ ይመጣል ብዬ ጠብቄ ጠብቄ፣ ምሳ ብቻዬን በላሁ እኮ! የት ነበርክ?»

ነበሩ አላለም። ነበርክ ነው ያለው። ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ባልየው ራሱ የተናገረውን ሰማና ደነገጠ፤ ጆሮው ቀላ፤ ሊያስተካክለው አፉን ከፈተ፤ ዳኛው ግን እጃቸውን አነሡ፣ ጨዋታው ይቀጥል እንደሚል ዳኛ። ካፖርታቸውን አወለቁና ክንዳቸው ላይ ጣሉት። እውነትም ሙቀት ነበር። ቁልፉን ከእጁ ተቀበሉ።

«ነገ ለምሳ ስንት ሰዓት ነው የምትመጣው?» አሉት።

«እንደ ሁልጊዜው» አለ ባልየው፤ ቦርሳቸውን ከሚስቱ እጅ ተቀብሎ ወደ ቤት ገባ፤ ያን ቀን ሌላ ቃል አልተናገረም።